ነርቭ ሕዋስ አቅጣጫውን እንዴት ያውቃል? የሕዋስ ዋልታዊነት ዘረ-መሎችና የአንጎል እድገት

ገበሬ ባቄላ ሲዘራ እያንዳንዱን ፍሬ እያገላበጠ ላይና ታቹን አያስተካክልም። ፍሬው በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ ሥሩ ወደ ታች፣ ቡቃያው ወደ ላይ ያመራል። የመሬት ስበት አቅጣጫውን ያመለክተዋልና። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። በማደግ ላይ ባለ አንጎል ውስጥ የተፈጠረ አንድ ነርቭ ሕዋስ በየትኛው ጎኑ መልእክት እንደሚቀበልና በየትኛው ጎኑ እንደሚልክ ማን ይነግረዋል?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የአንጎል ሥራ በሙሉ በመልሱ ላይ የቆመ ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ ነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል። አብዛኞቹ ሕዋሳት ተመሳሳይ አሠራር አላቸው። ከሕዋሱ አካል የሚወጡና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፉ በርካታ አጫጭር ተቀጥላዎች መልእክት ይቀበላሉ፤ እነዚህ ዴንድራይት ይባላሉ። በቁጥር አንድ ብቻ የሆነው ቀጭንና ረጅም ተቀጥላ ደግሞ መልእክቱን ለሌላ ሕዋስ ያደርሳል፤ ይህም አክሰን ይባላል። ከታችኛው የኅብለ ሰረሰር ክፍል ተነሥቶ የእግር ጡንቻን የሚያዝ ነርቭ ሕዋስ የአካሉ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይበልጥ ሲሆን፣ አክሰኑ ግን ወደ አንድ ሜትር ሊረዝም ይችላል።

መልእክት በነርቭ ሕዋስ ውስጥ በመደበኛው ሁኔታ ከዴንድራይት ወደ አክሰን በአንድ አቅጣጫ እንደሚጓዝ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ያስተማረው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነበር። ካሃል እ.ኤ.አ. በ1906 ከጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ይሁንና ሕዋሱ ይህን አቅጣጫ እንዴት እንደሚመርጥ በዘረ-መልና በፕሮቲን ደረጃ መገለጥ የጀመረው ከአንድ መቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው። የመልሱ ቁልፍም በመጀመሪያ የተገኘው ከአንጎል ሳይሆን ከአንዲት ጥቃቅን ትል እንቁላል ነበር።

ዋልታዊነት ምንድን ነው?

ምድር ሰሜንና ደቡብ ዋልታ እንዳላት ሁሉ ብዙ ሕዋሳትም በቅርጽም ሆነ በሥራ የተለያዩ ሁለት ጫፎች አሏቸው። ይህ ባሕርይ የሕዋስ ዋልታዊነት ይባላል። ለምሳሌ የትንሹን አንጀት ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነውን ሕዋስ እንመልከት። ወደ አንጀቱ ባዶ ቦታ የዞረው ጫፉ የተፈጨውን ምግብ ይመጥጣል፤ ተቃራኒው ጫፉ የተመጠጠውን ወደ ደም ሥር ያስተላልፋል። ሕዋሱ ሁለቱን ጫፎች ማምታታት ቢጀምር ምግብ በሥርዓት ወደ ሰውነት ሊገባ አይችልም።

ዋልታዊነት እንዲኖር አንዳንድ ፕሮቲኖች በአንደኛው ጫፍ፣ ሌሎቹ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ መከማቸት አለባቸው። ነገር ግን በሕዋስ ውስጥ ያሉ ሞሎኪዩሎች ያለማቋረጥ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ልክ ውኃ ውስጥ እንደ ጠብታ ቀለም፣ ተበትነው እኩል የመዳረስ ዝንባሌ አላቸው። ስለዚህ ዋልታዊነት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር ሳይሆን ሕዋሱ ጉልበት እያወጣ በየጊዜው የሚጠብቀው ሥርዓት ነው።

የትሏ እንቁላል የገለጠችው ምሥጢር

ኬኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ የተባለችው ድቡልቡል ትል ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። አካሏ ብርሃን ስለሚያሳልፍ እንቁላሏ ሲከፋፈል በማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያል። የአዋቂዋ ፍናፍንት ትል ነርቭ ሕዋሳት ቁጥር 302 ብቻ ነው። በእነዚህ ምክንያቶች በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ናት።

የዳበረው የትሏ እንቁላል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈል ሁለት እኩል ሕዋሳት አይወጡም። የፊተኛው ሕዋስ ተለቅ ያለ፣ የኋለኛው አነስ ያለ ነው፤ የሁለቱም ዕጣ ፈንታ የተለያየ ነው። የወደፊቱን የዘር ሕዋሳት የሚያስገኘው የኋለኛው ነው። ኬኔት ኬምፊውስ፣ ጄምስ ፕሪስና ባልደረቦቻቸው ይህን አከፋፈል የሚያዛቡ የዘረ-መል ለውጦችን ፈልገው ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1988 አሳተሙ። ለውጡን የተሸከሙት እናት ትሎች ራሳቸው ጤነኞች ነበሩ። በእንቁላላቸው ውስጥ ግን ፊትና ኋላ አይለይም፤ ሕዋሱ እኩል ለእኩል ይከፈላል፤ ጽንሱም ይሞታል። ችግሩ በልጅ ላይ የታየበት ምክንያት እናት ለእንቁላሏ የምትሰንቅለት ፕሮቲን በመጓደሉ ነው።

ተመራማሪዎቹ እነዚህን ዘረ-መሎች "ፓር" ብለው ሰየሟቸው፤ ስያሜው መከፋፈል ወይም መመደብ ከሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው። ከጊዜ በኋላ ከፓር-1 እስከ ፓር-6 ድረስ ስድስት ዘረ-መሎች ታወቁ።

አሠራራቸውን በአጭሩ እንመልከት። እንቁላሉ ከመዳበሩ በፊት ፓር-3፣ ፓር-6 እና ኤፒኬሲ የተባለው አጋራቸው በእንቁላሉ ሽፋን ዙሪያ በሙሉ ተሰራጭተው ይገኛሉ። የወንዴው ዘር ሕዋስ ሲገባ ይዞት የመጣው አካል በቅርቡ ያለውን የእንቁላሉን ጫፍ "ኋላ" ያደርገዋል። በዚያ ወገን የነበሩት ፓር-3፣ ፓር-6 እና ኤፒኬሲ ወደ ፊተኛው ጫፍ ያፈገፍጋሉ፤ የለቀቁትን ቦታ ፓር-1 እና ፓር-2 ይይዙታል።

ከዚያ በኋላ ወሰኑ የሚጠበቀው በመገፋፋት ነው። ኤፒኬሲና ፓር-1 ካይኔዝ በመባል ከሚታወቁት ኢንዛይሞች ወገን ናቸው፤ ሥራቸውም በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት መለጠፍ ነው። ኤፒኬሲ በፓር-1 እና በፓር-2 ላይ ፎስፌት ሲለጥፍ ከፊተኛው ጫፍ ይለቅቃሉ። ፓር-1 ደግሞ በበኩሉ በፓር-3 ላይ ሲለጥፍ ፓር-3 በኋለኛው ጫፍ መቆም ያቅተዋል። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው ሌላው ድንበር እንዳያልፍ ሲጠብቁ ወሰኑ ጸንቶ እንደሚኖር ማለት ነው።

በቀጣዮቹ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ከፓር-2 በስተቀር የእነዚህ ዘረ-መሎች ዘመዶች ከዝንብ እስከ ሰው ድረስ እንደሚገኙ አረጋገጡ። የትሏ ፓር-1 በአጥቢዎች ማርክ ከተባሉት ካይኔዞች ጋር፣ ፓር-4 ደግሞ ኤልኬቢ-1 ከተባለው ካይኔዝ ጋር ይዛመዳል። ይህን ዝምድና ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አምስት እኩያሞች፣ አንድ አሸናፊ

የትሏ ጥናት በታተመበት በዚያው በ1988 ካርሎስ ዶቲ፣ ጋሪ ባንከርና አንድ ባልደረባቸው ፍጹም ከሌላ ጥያቄ ተነሥተው አንድ ሥራ አሳትመው ነበር። ሂፖካምፐስ ከተባለው የአይጥ ጽንስ የአንጎል ክፍል ነርቭ ሕዋሳትን ለይተው በብርጭቆ ላይ በምግብ ፈሳሽ ውስጥ አሳደጓቸው፤ እድገታቸውንም በአምስት ደረጃ ከፍለው ገለጹ።

በመጀመሪያ ሕዋሱ ድቡልቡል ሆኖ ዙሪያውን ስስ ሽፋን ይዘረጋል። በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ አራት ወይም አምስት የሚሆኑ አጫጭር ተቀጥላዎች ያወጣል፤ በርዝመትም በመልክም እኩያሞች ናቸው። ለበርካታ ሰዓታትም አንዱ ሲረዝም ሌላው ሲያጥር ይቆያሉ። አንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲሆን ከመካከላቸው አንዱ በድንገት መፍጠን ይጀምራል፤ ይኸው አክሰን ይሆናል። የቀሩት ቀስ ብለው እያደጉ ዴንድራይት የሚሆኑት ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አስደናቂው ነገር በብርጭቆው ላይ አቅጣጫ ጠቋሚ አለመኖሩ ነው። ሕዋሱን የከበበው ፈሳሽ በሁሉም ወገን አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሕዋሱ ከእኩያሞች መካከል አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ ይመርጣል። ዶቲና ባንከር ቀደም ሲል በ1987 እንዳሳዩት፣ ማደግ የጀመረው አክሰን ከሕዋሱ አካል አጠገብ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ከቀሩት ተቀጥላዎች ሌላ አንዱ ተነሥቶ አክሰን ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተቀጥላ አክሰን የመሆን ችሎታ አለው ማለት ነው፤ አሸናፊው ግን ሌሎቹን አግዶ ይይዛል።

ለዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በተዳፋት ማሳ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ውኃው መጀመሪያ በብዙ ቦታ በስሱ ይፈስሳል። ከፈለጎቹ አንዱ በአጋጣሚ ጥቂት ሲጎደጉድ ከሌሎቹ የበለጠ ውኃ ይስባል፤ ብዙ ውኃ በመሳቡም ይበልጥ ይጎደጉዳል። በመጨረሻ አንዱ ቦይ ሲሆን ሌሎቹ ይደርቃሉ። በነርቭ ሕዋስ ውስጥ "ውኃው" ምንድን ነው?

ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የትሏ ጥናትና የብርጭቆው ላይ ጥናት ተገናኙ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ሶንግ-ሃይ ሺ፣ ሊሊ ጃንና ዩ ኑንግ ጃን በአጥቢዎች የሚገኙት ፓር-3 እና ፓር-6 በማደግ ላይ ባለው አክሰን ጫፍ ተከማችተው እንደሚገኙ አሳዩ። ፕሮቲኖቹ ከመጠን በላይ እንዲመረቱና በሁሉም ተቀጥላዎች እንዲሰራጩ ሲደረግ ሕዋሱ ምርጫው ተምታታበት። ፒአይ-3 ካይኔዝ የተባለው የእድገት መልእክት አስተላላፊ ኢንዛይም ሲታገድም ዋልታዊነቱ ተዛባ።

በጫፍ መከማቸታቸው ለእድገት የሚረዳው እንዴት ነው? ለመልሱ የአክሰኑን አጥንት ማወቅ ያስፈልጋል። በአክሰን ውስጥ ርዝመቱን ተከትለው የተዘረጉ ማይክሮቱቡል የሚባሉ ቱቦ መሰል የፕሮቲን ክሮች አሉ። ቅርጹን ደግፈው ከመያዛቸውም በላይ ለእድገት የሚያስፈልገው ቁሳቁስ የሚጓጓዝባቸው ሐዲዶች ናቸው። ታው የተባለው ፕሮቲን ከክሮቹ ጋር ተጣብቆ እንዲጸኑ ያግዛል። ማርክ፣ ማለትም የትሏ ፓር-1 ዘመድ፣ በታው ላይ ፎስፌት ሲለጥፍ ታው ከክሩ ይላቀቃል፤ ክሩም በቀላሉ የሚፈርስ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ሁለቱን ወገኖች አያያዛቸው። በትሏ እንቁላል እንደታየው ሁሉ በነርቭ ሕዋስም ኤፒኬሲ ማርክን ይገታል። ስለዚህ የፓር-3፣ የፓር-6 እና የኤፒኬሲ ጥምረት በተከማቸበት ጫፍ ማርክ ይዳከማል፤ ታው በቦታው ይቆያል፤ ክሮቹ ይጸናሉ፤ ተቀጥላውም ያድጋል። ተመራማሪዎቹ የማርክን መጠን ሲቀንሱ በአንድ ሕዋስ ላይ ከአንድ በላይ አክሰኖች በቀሉ፤ መጠኑን ሲያበዙት ደግሞ የአክሰን መፈጠር ተገታ።

ዑደቱን የሚዘጋው ሌላ እውነታ ነው። ፓር-3 ራሱ ወደ ጫፉ የሚደርሰው በማይክሮቱቡል ሐዲድ ላይ በሚሄዱ ተሸካሚ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ሐዲዱ በጸና መጠን የሚጓጓዘው ይበዛል፤ የሚጓጓዘው በበዛ መጠን ሐዲዱ ይጸናል። ቦዩ ይጎደጉዳል ማለት ነው። ይህንንም ሐሳብ የፍራንክ ብራድከ ቡድን በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2008 ባደረገው ሙከራ አጠናክሮታል። ማይክሮቱቡልን የሚያጸናው ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ለነርቭ ሕዋሳት ሲሰጥ በአንድ ሕዋስ ላይ በርካታ አክሰኖች ወጥተዋል።

በሕያው አንጎል ውስጥስ?

በብርጭቆ ላይ የታየ ሁሉ በሕያው አካል ውስጥ እውነት ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሜሊሳ ሮልስና ክሪስ ዶ ይህን የሚያስታውስ ውጤት ይፋ አደረጉ። በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ የፓር-3 ዘመድ፣ ፓር-6 እና ኤፒኬሲ ቢወገዱም ነርቭ ሕዋሳቱ አክሰናቸውንና ዴንድራይታቸውን በትክክል ለዩ። እነዚሁ ፕሮቲኖች የዝንቧን ነርቭ ሕዋሳት ለሚያስገኙት እናት ሕዋሳት እኩል ያልሆነ አከፋፈል ግን እጅግ አስፈላጊ ናቸው። ተፈጥሮ አንዱን መሣሪያ በየእንስሳውና በየእድገት ደረጃው በተለያየ መንገድ እንደምትጠቀምበት ከዚህ እንማራለን።

በአጥቢዎች ሕያው አንጎል ውስጥ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከሌላኛው የፓር ቤተሰብ አባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳድ-ኤ እና ሳድ-ቢ የተባሉት ሁለት ካይኔዞች የሌሏቸው አይጦች ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ እንደሚሞቱና የነርቭ ሕዋሶቻቸው ተቀጥላዎች አክሰንም ዴንድራይትም ለማለት የሚያስቸግሩ እንደሆኑ ተገለጸ። በ2007 ደግሞ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በፍራንክ ፖሉ፣ ሌላው በሙ-ሚንግ ፑ የሚመሩ፣ ለሳድ ካይኔዞች ትእዛዝ ሰጪ የሆነው የፓር-4 ዘመድ ኤልኬቢ-1 መሆኑን የሚያመለክት ውጤት አወጡ። ኤልኬቢ-1 ከአንጎላቸው ቅርፊት የተወገደባቸው የአይጥ ጽንሶች ነርቭ ሕዋሳት ወደ ቦታቸው ተጉዘው ቢደርሱም አክሰን አላወጡም። በተጨማሪም ቢዲኤንኤፍን የመሰሉ ከሕዋሱ ውጭ የሚመጡ የእድገት ንጥረ ነገሮች ኤልኬቢ-1ን ሊያነቃቁ እንደሚችሉ ታወቀ። በብርጭቆው ላይ በአጋጣሚ የሚመስለው ምርጫ በሕያው አንጎል ውስጥ ከአካባቢ በሚመጣ ምልክት የሚመራበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የኤልኬቢ-1 ሥራ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 የፖሉ ቡድን እንዳሳየው፣ አክሰኑ ከተፈጠረ በኋላም ይኸው ካይኔዝ ኑአክ-1 በተባለ ሌላ ታዛዥ አማካይነት ጉልበት አመንጪዎቹን ማይቶኮንድሪያዎች በአክሰኑ ውስጥ በተገቢው ቦታ በማስቆም አክሰኑ በመድረሻው እንዲቀራነጭ ያደርጋል።

ከትል እስከ ሕሙማን

እነዚህ ዘረ-መሎች ሲጓደሉ የሚከተለው ጉዳት በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ኤልኬቢ-1 ሥራውን የሚሠራው ስትራድ ከተባለ አጋር ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ በሚገኙ የሜኖናይት ማኅበረሰብ አባላት ዘንድ ከሁለቱም ወላጆቻቸው የተበላሸ የስትራድ ዘረ-መል የወረሱ ልጆች ተለይተው ታወቁ። የልጆቹ አንጎል ከመጠን በላይ የገዘፈ ነበር፤ ገና በሕፃንነታቸው የሚጀምርና በመድኃኒት የማይመለስ የሚጥል በሽታም ነበረባቸው።

ስትራድ ሲጎድል ኤልኬቢ-1 ይዳከማል፤ በእርሱ ቁጥጥር ሥር የነበረው፣ የሕዋስን እድገት የሚያፋጥነው ኤምቶር የተባለ ካይኔዝም ልጓም ያጣል። ራፓማይሲን የተባለ፣ ከኢስተር ደሴት አፈር ባክቴሪያ የተገኘና የተተከለ ኩላሊት በሰውነት እንዳይጠላ የሚሰጥ መድኃኒት ኤምቶርን እንደሚገታ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ይኸው መድኃኒት ለአምስት ሕሙማን ተሰጠ፤ በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት የሚጥላቸው ጊዜ ቀነሰ። በሽታውን ያመጣው የመንገዱ ብልሽት በትክክል በመታወቁ የትኛውን መድኃኒት መሞከር እንደሚገባ ማወቅ ተቻለ።

ሌላው ተስፋ የኅብለ ሰረሰር ጉዳትን ይመለከታል። በአዋቂ አጥቢ እንስሳት አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ የተቆረጠ አክሰን ተመልሶ አያድግም ለማለት ይቻላል፤ በአደጋ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው እግሩን ማንቀሳቀስ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ማይክሮቱቡልን ማጽናት ለወጣት ሕዋስ አክሰን ከፈጠረለት፣ ለተጎዳ ሕዋስስ አይረዳም ወይ? እ.ኤ.አ. በ2011 ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ አይጦች በአነስተኛ መጠን ታክሶል ሲሰጣቸው የቁስሉ ጠባሳ እንደቀነሰና አክሰኖች ማደግ እንደቻሉ ተዘገበ። ይህ በሰው ላይ የጸደቀ ሕክምና አይደለም፤ ነገር ግን ምርምሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል።

የአልዛይመር በሽታም ከዚሁ መንገድ ጋር ይነካካል። በሕሙማኑ ነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ታው ብዙ ፎስፌት ተለጥፎበት፣ ከማይክሮቱቡል ተላቅቆና ተቋጥሮ ይገኛል። ፎስፌቱን ከሚለጥፉት ካይኔዞች መካከል ማርክ አንዱ ነው። አክሰንን ለመፍጠር የሚያገለግለው ሚዛን በእርጅና ዘመንም መጠበቅ እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

በሥነ ሕይወት ትምህርት ላይ የሚገኙ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። በ1988 የትሏን እንቁላል በማይክሮስኮፕ ይመለከቱ የነበሩት ተመራማሪዎች ጥያቄያቸው ስለ አከፋፈል እንጂ ስለ ሚጥል በሽታ አልነበረም። በብርጭቆ ላይ ነርቭ ያሳደጉትም ስለ ትል አይጠይቁም ነበር። ሁለቱም የየራሳቸውን ጥያቄ በጥንቃቄ ስለ መለሱ፣ ከሩብ መቶ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም በጠና ለታመመ ሕፃን የትኛውን መድኃኒት እንደሚሞክር ለማወቅ በቃ።